ሐሞት መንገዱን ሲስት

የኢንዶስኮፒ ክፍሉ መብራት ደብዘዝ ብሏል። ታካሚው በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ የፕላስቲክ ቀለበት በጥርሱ ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ከእምብርቱ በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ደረቱ የሚወጣ የቆየ ጠባሳ አለው። ስለ ጠባሳው ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ «ድሮ የጨጓራ ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነበር።» ምኑ እንደተቆረጠ፣ ምኑ ከምኑ ጋር እንደተሰፋ የነገረው የለም፤ ወረቀትም የለውም። ካሜራው የምግብ ቧንቧውን ጨርሶ ጨጓራው ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ስክሪኑ ላይ ይገለጣል። ጨጓራው እጥር ብሎ ቀርቷል። መጨረሻው ላይ መኖር የነበረበት በር የለም፤ በምትኩ እንደ በሬ አፍንጫ ጎን ለጎን የተከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንጀቱ በተኮማተረ ቁጥር ከአንደኛው ቀዳዳ አረፋ ያዘለ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ብቅ ይልና ጨጓራው ውስጥ ይጠራቀማል። ሐሞት ነው። በስፌቱ ዙሪያ ያለው ሽፋን ቀልቷል፣ አብጧል፣ ካሜራው ጫፉን ሲነካው ይደማል።

ይህ የአንድ የተለየ ሰው ታሪክ አይደለም፤ የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች ከቆየ የጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ ደጋግመው የሚያዩት ምስል ነው። ሐሞት የተፈጠረው ለአንጀት ነው። ጉበት ያመርተዋል፣ የሐሞት ከረጢት ያከማቸዋል፣ ምግብ ሲመጣ ከቆሽት ፈሳሽ ጋር ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይፈስና ስብ ያሟሟል። ስብ የሚያሟሟ ነገር የሴሎችን ሽፋንም ያሟሟል፤ የሴል ሽፋንም የተሠራው ከስብ ነውና። አንጀት ይህን የሚችልበት የራሱ መከላከያ አለው፤ ጨጓራና የምግብ ቧንቧ ግን የላቸውም። ስለዚህ በጨጓራና በአንጀት መካከል ፓይሎረስ የሚባል ጠንካራ የጡንቻ በር ቆሟል፤ ስሙ በግሪክኛ «በር ጠባቂ» ማለት ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ፣ የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ በሚገናኝበት ቦታ፣ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚከለክል ሌላ በር አለ። የጨጓራ ቀዶ ጥገና ከሁለቱ በሮች አንዱን ይነካል፤ አንዳንዴ ያስወግዳል። የሚከተለው ወደ ኋላ የሚመለስ ፈሳሽ፣ ሐኪሞች ሪፍለክስ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ ምቾት ማጣት ነው የሚታየው። እኔ ግን የመቶ ዓመቱን ማስረጃ ሳነብ የምደርስበት ሐሳብ ሌላ ነው፦ ይህ ፈሳሽ የሚያደርሰው ጉዳት የሚታየው ከ15 እስከ 20 ዓመት በኋላ ነው፣ የሕክምና ክትትል ግን የሚቆመው ቁስሉ በዳነ ጊዜ ነው። አደጋው ያለው በዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ዘመን ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቪየና ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1881 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቴዎዶር ቢልሮት የጨጓራዋ መውጫ በካንሰር የተዘጋባትን የ43 ዓመት ሴት ሆድ ከፈተ። ከእርሱ በፊት ፔያን ፓሪስ ላይ በ1879፣ ፖላንዳዊው ሪዲጊየር በ1880 ሞክረውት ታካሚዎቻቸው አልተረፉም። ቢልሮት የታመመውን ክፍል ቆርጦ አወጣና የቀረውን ጨጓራ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋር በሐር ክር ገጠመው። ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ሴትየዋ ከአልጋዋ ተነሣች፣ በላች፤ ካንሰሩ ተመልሶባት ከአራት ወር ገደማ በኋላ ብታርፍም፣ ሰው ጨጓራው ተቆርጦ መኖር እንደሚችል በእርሷ ታወቀ። በ1885 ደግሞ ቢልሮት ሁለተኛውን ዘዴ ሠራ። በዚህኛው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጫፉ ተሰፍቶ ይዘጋል፣ የቀረው ጨጓራ ወደ ታች ከሚገኝ የአንጀት እጥፋት ጋር ይገጠማል። ለቀዶ ሐኪሙ ይህ ይቀላል፣ ስፌቱም አይወጠርም። ነገር ግን የሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ወደ ታች ለመውረድ የግድ በስፌቱ በኩል ማለፍ አለበት። ገበሬ ቦዩን በጎረቤቱ ማሳ በኩል ቢያዞረው ውሃው በየቀኑ ማሳውን እየነካ እንደሚያልፍ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ አሥርት ዓመታት ቢልሮት አንድና ሁለት የተሠሩት በአብዛኛው ለካንሰር ሳይሆን ለአልሰር፣ ማለትም ለጨጓራና ለአንጀት መጀመሪያ ቁስለት ነበር። ቁስለቱ የሚደማበት፣ የሚበሳበት፣ መድኃኒት ያጣ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ቀዶ ጥገና ነበር፤ ብዙዎቹም ወጣቶችና ጎልማሶች ነበሩ፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ 30 እና 40 ዓመት ኖረዋል። በ1922 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የሚሠራው ዶናልድ ባልፎር ለቁስለት ተብሎ በተቆረጠ ጨጓራ ቅሪት ላይ ካንሰር መብቀሉን ጻፈ። አንድ ሁለት ታካሚ ላይ የታየ ነገር በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ሰዎቹን ቆጥሮ፣ ዓመት ጠብቆ፣ ከአገሩ ሕዝብ ጋር ማነጻጸር ያስፈልግ ነበር። ይህ የተሠራው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1986 የታተመ የለንደን ጥናት ለአልሰር ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ከ4,000 በላይ ሰዎች ተከተለ፤ በ1988 ደግሞ ስዊድናውያን ከ6,000 በላይ ሰዎችን ለ30 ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱን አወጡ።

ሁለቱም ያገኙት ነገር ቆም ብሎ ሊታሰብበት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የካንሰሩ መጠን ከሌላው ሕዝብ ከፍ ያላለባቸው፣ እንዲያውም ዝቅ ያለባቸው ታካሚዎች ነበሩ፤ በተለይ ቁስለታቸው አንጀቱ መጀመሪያ ላይ የነበረ። ከ20 ዓመት በኋላ ግን መስመሩ ተገለበጠ፤ በለንደኑ ጥናት ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። እስቲ ያንኑ ጥናት በአሥረኛው ዓመት ያቆመ ሰው ቢኖር ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? «ቀዶ ጥገናው ከካንሰር ይጠብቃል» ይል ነበር፤ ቁጥሩም ይደግፈው ነበር፤ ግን ተሳስቶ ነበር። ጥናቱን ያዳነው ብልሃት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ወደ ፊት የማነሣውን ሁሉ አንባቢ ከዚህ ነጥብ ጋር እያያያዘ እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ሐሞት ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? ከቆሽት የሚመጣ ኢንዛይም በሐሞት ውስጥ ያለውን ሌሲቲን ሰባብሮ ላይዞሌሲቲን የሚባል፣ የሴል ሽፋንን የሚበላ ነገር ያደርገዋል። ይህና የሐሞቱ አሲዶች አንድ ላይ ሆነው የጨጓራውን ሽፋን ይልጣሉ፤ ሽፋኑ እየተላጠ በችኮላ ይተካል፤ በችኮላ የሚከፋፈል ሴል ደግሞ በየጊዜው ስሕተት ያጠራቅማል። ሌላም ነገር ይጨመራል። በቀዶ ጥገናው የሚወገደው የጨጓራ ክፍል አሲድ እንዲመነጭ የሚያዘውን ጋስትሪን የተባለ ሆርሞን የሚያመርተው ነው። አሲዱ ሲቀንስ በአሲድ ይሞቱ የነበሩ ባክቴሪያዎች ጨጓራው ውስጥ ይራባሉ፤ በምግብ ውስጥ ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሮሳሚን ይቀይሩታል፤ ይህ ካንሰር አምጪ ነው። ፔላዮ ኮሬያ የተባለው ኮሎምቢያዊ ፓቶሎጂስት የጨጓራ ካንሰር በአንድ ጀንበር እንደማይመጣ አሳይቷል፦ መጀመሪያ የቆየ ብግነት፣ ከዚያ የሽፋኑ መሳሳት፣ ከዚያ የጨጓራው ሽፋን የአንጀት መልክ መያዝ፣ ከዚያ የሴሎች መዛባት፣ በመጨረሻ ካንሰር። ይህ መንገድ ረጅም መሆኑ ክፉም ደግም ነው። ክፋቱ ሰው መዘንጋቱ፣ ደግነቱ ደግሞ ቀድሞ የሚመለከት ሰው ካለ በየደረጃው ሊገኝ መቻሉ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። «ጥፋቱ የሐሞቱ ሳይሆን የባክቴሪያው ነው» ይባላል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፐርዝ ላይ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን አገኙ፤ በ2005 ኖቤል ተሸለሙበት፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1994 ይህን ባክቴሪያ ካንሰር ከሚያመጡት አንደኛ ረድፍ ውስጥ አስገብቶታል። እነዚያ የአልሰር ታካሚዎች ደግሞ በአብዛኛው ባክቴሪያው ነበረባቸው። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ባክቴሪያው ለዓመታት ያሳሳው ጨጓራ ላይ ሐሞት ሲጨመርበት አንዱ ከሌላው የሚለይበት መንገድ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሦስት ነገሮች ሐሞቱን ነፃ አያወጡትም። አንደኛ፣ ሐሞት በብዛት በሚገባበት ጨጓራ ባክቴሪያው ራሱ መኖር ይቸግረዋል፣ እየቀነሰም ይሄዳል፤ ካንሰሩ ግን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ሐሞት የበለጠ የሚመለስበት ቢልሮት ሁለት ከቢልሮት አንድ የከፋ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ሦስተኛውና ለእኔ ከባዱ የአይጦቹ ሙከራ ነው። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ምንም ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሳይሰጡ የአይጦችን አንጀት ፈሳሽ ወደ ጨጓራ ብቻ መለሱ፤ ከአይጦቹ የተወሰኑትን ካንሰር ያዛቸው። አይጥ ሰው አይደለም። ነገር ግን መንገዱን ብቻ ቀይሮ በሽታውን ማምጣት መቻሉ የሐሞትን ድርሻ በግልጽ ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ ያለፈ ታሪክ ነው» የሚለው ነው። ሲሜቲዲን በ1976፣ ኦሜፕራዞል በ1988 ገበያ ላይ ዋሉ፤ ባክቴሪያውም በአንቲባዮቲክ እንደሚጠፋ ታወቀ፤ ለአልሰር ጨጓራ መቁረጥ በአብዛኛው ዓለም ቀረ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ታሪኩ አልተዘጋም። ከሕዝቡ ከግማሽ ያላነሰው ባክቴሪያውን ይዞ ይኖራል። «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ተልባ እየጠጣ፣ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል እየገዛ ዓመታት የሚገፋ ሰው ሞልቷል። ከእነዚህ ውስጥ የአንዳንዱ ቁስለት ጠባሳ ሠርቶ የጨጓራውን መውጫ ይዘጋዋል፤ ትናንት የበላው እንጀራ ዛሬ ማታ እንዳለ ይወጣል፣ ሰውየው እየከሳ ይሄዳል። ሐኪሙ ያን ጊዜ የሚያደርገው ቬገስ የተባለውን ነርቭ ቆርጦ ጨጓራውን በሌላ መንገድ ከአንጀት ጋር ማገናኘት ነው። ነፍስ የሚያድን ሥራ ነው። የሐሞቱ ቦይ ግን እዚህም ይቀየራል፤ ይህ የተሠራለት ገበሬ ደግሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ከሐኪም ዓይን ይጠፋል።

ወደ አሁኑ ዘመን ስንመጣ በዓለም ላይ ጨጓራ ዛሬም በብዛት ይቆረጣል፤ ምክንያቱ ብቻ ተለውጧል። ውፍረትን ለመቀነስ የሚሠራው ስሊቭ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓይነቱ ቀዳሚው ቀዶ ጥገና ሆኗል፤ በአሜሪካ እንደዚሁ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም እንደዚሁ፤ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው አገሮች ናቸው። በስሊቭ ከጨጓራው ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ ይወገድና እንደ ቀሚስ እጅጌ የጠበበ ቱቦ ይቀራል። የታችኛው በር አይነካም። ነገር ግን ሰፊው ከረጢት ወደ ጠባብ ቱቦ ሲቀየር ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ በላይኛው በር አካባቢ የነበረው የጡንቻ መታጠፊያም ይፈርሳል፤ ስለዚህ አሲዱ፣ አንዳንዴም ሐሞቱ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ ይወጣል። በፊንላንድ 240 ሰዎችን በዕጣ ለስሊቭና ባይፓስ ለሚባለው ሌላ የውፍረት ቀዶ ጥገና የደለደለ ጥናት በአሥረኛው ዓመት ላይ ኢንዶስኮፒ ሲያደርግላቸው፣ የምግብ ቧንቧ መቁሰል ከስሊቭ ታካሚዎች 31 በመቶ፣ ከባይፓስ ታካሚዎች 7 በመቶ ላይ ተገኝቷል። ባይፓስ ያነሰበት ምክንያት ሴዛር ሩ የተባለው የሎዛን ቀዶ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዘረጋው ብልሃት ነው፤ አንጀቱን ቆርጦ በ«ዋይ» ቅርጽ ሲገጥመው ሐሞቱ ከጨጓራው ራቅ ብሎ ይገባል። የተመለሰ ሐሞት የሚያሠቃየው የቀድሞ የቢልሮት ታካሚም ብዙ ጊዜ የሚረዳው ይኸው ለውጥ ነው። ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ ሐሞትን አያቆምም፤ ክኒኑ አላድን ያለው ሰው ሁሉ መጠን መጨመር ብቻ መፍትሔ አይሆነውም።

የሐኪሞቹ ሥጋት ባሬት የሚባለው ለውጥ ነው። የምግብ ቧንቧው ዘወትር ሲቃጠል ሽፋኑ የአንጀትን ሽፋን መልክ ይይዛል፤ አዴኖካርሲኖማ ለሚባለው የምግብ ቧንቧ ካንሰር መንደርደሪያው እርሱ ነው። ሮም ላይ የተደረገ ጥናት ስሊቭ ከተሠራላቸው ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በ17 በመቶው ላይ ባሬት አግኝቷል፤ በ2021 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር 11.6 በመቶ ይላል፤ የፊንላንዱ ጥናት ግን 4 በመቶ ብቻ፣ ያውም በሁለቱም ቡድን እኩል። የፊንላንዱ በዕጣ የተደለደለ ስለሆነ እኔ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር አዘነብላለሁ። ባሬት ያለበት ሰው ሁሉም ካንሰር አይዘውም፤ ከሺህ ሰው በዓመት አንድ እስከ ሦስት ያህሉ ናቸው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሮሙ ጥናት ያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ ቃር የሚሰማውና ጉዳት ያለበት ሰው አንድ አልነበሩም። ስለዚህ «ቃር የለብኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይመጣል። በ2023 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት የክብደት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ከ300,000 በላይ ሰዎች ካልተደረገላቸው ወፍራም ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ካንሰር በቀዶ ጥገናው ወገን ያነሰ መሆኑን አገኘ። በ100,000 ሰው በዓመት 4.9፣ በሌላው ወገን 6.9። ውፍረት ራሱ ለዚህ ካንሰር ምክንያት ስለሆነ ክብደት መቀነስ መጥቀሙ አያስደንቅም፤ ይህን ውጤት የሚያጣጥል ሰው ታማኝ አይደለም። በዚህ ምክንያት «ስሊቭ አትሠሩ» የምልበት ማስረጃ የለኝም፤ ስኳርና ደም ግፊት እየገደለው ላለ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን የፈረንሳዩ ጥናት አማካይ ክትትል ስድስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። የለንደኑና የስዊድኑ ታካሚዎች በስድስተኛው ዓመት ላይ ምን ይመስሉ እንደነበር ከላይ አይተናል። ስሊቭ በብዛት መሠራት ከጀመረበት ጊዜ ስንቆጥር 20ኛው ዓመት የሚመጣው በ2030ዎቹ ነው። ምናልባት ያን ጊዜም ውጤቱ መልካም ይሆናል፤ እኔም እንዲሆን እመኛለሁ። እስከዚያ ግን ቆጠራው መቆም የለበትም። ዓለም አቀፉ የክብደት ቀዶ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ከስሊቭ አንድ ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ኢንዶስኮፒ እንዲደረግ የመከረው ለዚህ ነው።

ቃር ያለበት አንባቢ ሁሉ ይህን አንብቦ እንዳይደነግጥ አንድ ነገር ልጨምር። በ2023 በሦስት የኖርዲክ አገሮች በግማሽ ሚሊዮን በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቃር ኖሮባቸው የምግብ ቧንቧቸው ያልቆሰለ ሰዎች የካንሰር ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ እንደማይለይ አሳይቷል፤ ከፍ ያለው የቆሰሉት ላይ ነው። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ያ ስኳመስ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፣ ከሪፍለክስ የሚመጣ አይደለም።

«ለዚህ ሁሉ ሰው ኢንዶስኮፒ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ተገቢ ነው። መሣሪያውም የሚሠራበት ሐኪምም ጥቂት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ከክልል የሚመጣ ሰው የአልጋና የትራንስፖርት ወጪ አለበት። ጨጓራው የተነካ ሁሉ በየዓመቱ ይታይ ማለት የሚደማው ታካሚ ወረፋ እንዲያጣ ማድረግ ነው። ስለዚህ ምርጫ ያስፈልጋል፤ ለመምረጥ ደግሞ ሁለት ነገር ማወቅ በቂ ነው፣ ምን ዓይነት ቀዶ ጥገና እንደተሠራና በስንት ዓመተ ምሕረት። የአሜሪካ የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች ማኅበር ለአልሰር ጨጓራቸው ለተቆረጠ ሰዎች ክትትል ሊታሰብበት የሚችለው ከ15 እስከ 20 ዓመት በኋላ ነው ብሏል። ቢልሮት ሁለት የተሠራለትና 25 ዓመት ያለፈው ሰው ከወረፋው ፊት ይቆማል፤ አምና የተሠራለት ይጠብቃል። መዋጥ የሚያቅተው፣ ያለምክንያት የሚከሳ፣ ሰገራው የጠቆረ ወይም ደም ማነስ የያዘው ደግሞ ዓመት ሳይቆጠርለት ይገባል። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ በጤና ጣቢያ የተቀመጠች ነርስ ጠባሳውን አይታ ብትጠይቅ ይበቃል። ችግሩ የሚጠየቀው ሰው መልሱን አለማወቁ ነው። ካርዱ ያለው ድሮ በተኛበት ሆስፒታል ነው፣ ካለም፤ ስሊቭ ውጭ አገር የተሠራለት ሰው ፋይልም እዚያው የቀረ ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት፣ የተቆረጠውን፣ የተገጠመውንና ቀኑን የሚናገር፣ ከክኒኑ ጋር በታካሚው እጅ መግባት አለበት እላለሁ፤ ወጪው የቀለምና የወረቀት ነው።

በኢንዶስኮፒ ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ ከስፌቱ ዙሪያ በትንሿ መቆንጠጫ ናሙና ይወስዳል። ከአራት አቅጣጫ፣ ከዚያም ከፍ ብሎ ከቀረው ጨጓራ። እያንዳንዷ የሩዝ ፍሬ የማታክል ሥጋ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ትጠልቃለች። ካሜራው ወጥቶ ታካሚው ጉሮሮውን እየጠራረገ ሲነሣ፣ ሐኪሙ የሚጽፈው አጭር ነው፦ ቢልሮት ሁለት፣ ቅሪተ ጨጓራ፣ ሐሞት፣ የስፌት ዙሪያ ብግነት፣ ናሙና ተልኳል። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር ያሉኝ?» ይለዋል። ሰውየው ትንሽ ያስባል። የመጨረሻ ልጁ የተወለደበት ዓመት ነው፤ ከእርሱ ይቆጥራል።